ሐሙስ ሐሙስ የሚመጣው መጽሔት

በስምንት ዓመቴ ስለ ዓለም ሁለት ነገር በእርግጥ አውቅ ነበር። አንደኛ፣ የሚያምር ነገር ሁሉ የሚመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ሁለተኛ፣ የሚመጣው ሐሙስ ነው። ይሄ ውሸት ነው የሚለኝ ሰው ቢመጣ ወላሂ በድንጋይ ነበር የማባርረው።

ቤታችን ደሴ፣ አረብ ገንዳ ነበር። ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ የግቢያችን የቆርቆሮ በር ሁለቴ ይንኳኳል። አያቴ «ግቢ!» ይላሉ። አንዲት ረጅም ቀጭን ሴት ጥቁር ፌስታሏን ደረቷ ላይ አቅፋ ትገባለች። ከፌስታሉ መጽሔቱ ይወጣል። እኔ ሴትዮዋን መች አያለሁ፤ ዓይኔ ፌስታሉ ላይ ነው። በሩ ሲንኳኳ «መጣ!» እያልኩ ነበር የምዘለው። «መጣች» ብዬ አላውቅም።

ሴትዮዋ እናቴ ናት። ሱሀይላ ትባላለች። እናቴ መሆኗን ነግረውኛል፤ ግን መስማት ሌላ ነው፣ ሆድ ውስጥ መግባት ሌላ ነው። በልቤ የምጠራት «የሐሙሷ» እያልኩ ነበር።

አባቴ ዘይኑልአቢዲንና እሷ የተፋቱት እኔ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። እሷ ኮምቦልቻ አባቷ ቤት ወረደች። እኔ ደሴ ከአባቴና ከእናቱ ከእማማ ዘይቱና ጋር ቀረሁ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ያህል ሳንተያይ ኖርን። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሁለቱ ወገኖች እስከ ዛሬ ሁለት ዓይነት ነው የሚያወሩት፤ እኔም መዳኘቱን ትቼዋለሁ። በመጨረሻ፣ በ1988 መስከረም፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ወሰኑ። በመጪው ዓረፋ ማግስት ልጅቷ ሸኽ ዐቂል ፊት ትቅረብ። ከእናቷ ወይ ከአባቷ ጋር መኖር እንደምትፈልግ ራሷ ትናገር። የተናገረችው ይጽና። እስከዚያ እናቷ ሐሙስ ሐሙስ ለአንድ ሰዓት መጥታ ትያት።

እንግዲህ እናቴ የነበራት ይሄ ብቻ ነው፤ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ያውም የቀድሞ አማቷ ምስር እየለቀሙ በዓይናቸው ጥግ እያዩዋት። በዚያች ሰዓት ውስጥ የማታውቃትን ልጅ የራሷ ማድረግ ነበረባት። ካልቻለች ቀረች። ይህን በቤቱ ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። እኔም አውቅ ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባኝም።

የመጀመሪያዎቹን ሐሙሶች ያሳለፍኩት አልጋ ሥር ነው። እማማ «ነይ ውጪ፣ ሰው አትበላም» ይሉኛል። እኔ የአልጋውን እግር ሙጭጭ! እሷ መደቡ ላይ ጉልበቷን ገጥማ ትቀመጣለች። እግሯን ብቻ ነው የማየው፤ ቡናማ ነጠላ ጫማ፣ ተረከዙ ላይ የኮምቦልቻ መንገድ፣ የሐርጎ ዳገት አቧራ። ሰዓቷ ሲደርስ ተነሥታ «በሉ ደህና ይሁኑ» ትላለች። እማማ «አላህ ያግባሽ» ይሏታል። አለቀ። እንዲህ ሦስት ሐሙስ ሄደ።

በአራተኛው ግን አልጠራችኝም። «ሩሚሳ» የሚል ድምፅ አልሰማሁም። የሰማሁት ወረቀት ሲገለጥ ነው፤ ከዚያ ሳቅ፣ አፍን በእጅ አፍኖ የሚሳቅ ሳቅ። ከዚያ ደግሞ «ውይ! ውይ ልጅቱ ወደቀች!» ስትል።

የቷ ልጅ ናት የወደቀችው? ራሴን አወጣሁ።

ያየሁትን ነገር ዛሬም ሳስበው ፀጉሬ ይቆማል። አንድ ወረቀት ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ አብሮ! የገብስ ጭድ የሚመስል ፀጉር ያላት ልጅ ፈረስ ላይ ሆና አጥር ትዘላለች። የፈረሱ እግር መሬት አልነካም፤ የልጅቷ አፍ ተከፍቷል፤ ከአፏ ነጭ ፊኛ ወጥቶ ፊኛው ውስጥ ተጽፏል። እኔ እስከዚያ ቀን የማውቀው ወረቀት ወይ ስኳር የሚጠቀለልበት ነው ወይ ደብተር ነው። ወረቀት ሊሮጥ እንደሚችል፣ ሊጮህ እንደሚችል ማን ነግሮኝ! ከአልጋ ሥር ወጥቼ በአራት እግሬ ድሄ እናቴ ጉልበት ሥር ደረስኩ። እሷ ቀና ብላ አላየችኝም። ብታየኝ ኖሮ ተመልሼ እገባ ነበር፤ አውቃዋለች።

ከሁሉ ያስገረመኝ ደግሞ ምን መሰላችሁ? ወረቀቱ ውስጥ ያሉት በሙሉ ሴት ልጆች ናቸው። የትምህርት ቤት መጽሐፌ ላይ ወንዱ ኳስ ይጠልዛል፣ ሴቷ እንስራ አዝላ ትቆማለች። እዚህ ግን ሌባ የምታሳድደው ሴት ልጅ፣ ጀልባ የምትቀዝፈው ሴት ልጅ፣ በጣቷ ጫፍ ቆማ የምትዞረው ሴት ልጅ ናት። ወንድ ካለም ጥግ ላይ ቆሞ ይገረማል። እንደዚህ ያለ አገር ካለ፣ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በኮምቦልቻ በኩል ነው ብዬ ደመደምኩ።

ወረቀቱ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። የእንግሊዝ አገር ሽታ ቅርንፉድ ነው ብዬ ለክፍል ልጆች በሙሉ አወራሁ።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። የእናቴ አባት፣ ሐጂ ሳዲቅ፣ ቅድመ አያቶቹ ከየመን የመጡ ነጋዴ ነበር። ዕቃው ከኤደን በአሰብ በኩል ኮምቦልቻ ይገባል፤ ከዕቃው ጋር ደግሞ መጠቅለያ የሚሆን አሮጌ ወረቀት በኩንታል ይመጣል። እንግሊዞች ኤደንን ለቀው ሲወጡ ቤተሰቦቻቸው የጣሉት ወረቀት ሁሉ በሚዛን ተሸጠ። ከዚያ ውስጥ አንዱ እስር የአንዲት እንግሊዛዊት ልጅ የሁለት ዓመት መጽሔት ነበር። እናቴ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ናት። አባቷ በአንዱ ቅጠል ቅርንፉድ ሊጠቀልልበት ሲል ሥዕሉን አይታ እሪ አለች አሉ። እስሩ በሙሉ ተሰጣት። በቅመም መጋዘን ውስጥ፣ በኋላም ሣጥን ውስጥ ኖረ። እኔ «አዲስ መጣ!» እያልኩ የምጨፍርበት መጽሔት ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር።

እኔ ግን መጽሔቱ ረቡዕ ታትሞ ሐሙስ በሚኒባስ የሚደርስ ነበር የሚመስለኝ። ሁልጊዜ አንድ ብቻ ታመጣለች። ሌላ እንዳለ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ስታነብልኝ ደግሞ! «ቢስሚላህ» ብላ ትከፍታለች። ጣቷን በቀኝ በኩል ካለው ሣጥን ላይ ታሳርፍና እያንዳንዱን ሥዕል እየነካች ወደ ግራ ትሄዳለች። ቁርኣን ቤት እንዳየነው ማለት ነው፤ እኔም ሌላ አነባበብ መኖሩን አላውቅም። ድምፅዋ ይለዋወጣል። ለክፉዋ ሴትዮ በአፍንጫዋ፣ ለፈረሱ በጉሮሮዋ። ልጆቹ ሁሉ የእኛ ስም ነበራቸው። ፈረሰኛዋ ሰብሪያ ናት። በጣቷ ጫፍ የምትቆመው ትንሳኤ ናት፤ ተረከዟን እሾህ ወግቷት ነው እንደዚያ የምትሄደው።

በየሳምንቱ የሚቀጥለው ታሪክ የሙና ነበር። ሙናን መጀመሪያ ያገኘናት ድልድይ ላይ ብቻዋን ቆማ፣ ካፖርቷ ተቀዶ፣ መሬቱ በሙሉ ነጭ ሆኖ ነው።

«ነጩ ምንድን ነው?» አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገርኳት ያን ቀን ነው።

«ጥጥ ነዋ!» አለች፤ የኮምቦልቻ ልጅ አይደለች፣ የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ጎረቤት! «የጥጥ መኪና ተገልብጦ ነው።»

«በረዶ ነው!» አልኳት፤ እኔ ደግሞ የደሴ ልጅ ነኝ።

«ጥጥ ነው አልኩሽ እኮ፤ በረዶ ቢሆን በባዶ እግሯ ትቆም ነበር?»

እማማ ዘይቱና ከወዲያ ምስራቸውን አስቀምጠው «እስቲ አሳዩኝ» አሉ። አዩ። «በረዶ ነው» አሉ። እናቴ «እርስዎ ካሉ ይሁን» አለችና ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ወዲህ እማማ ምስር እየለቀምኩ ነው ይላሉ እንጂ አንድ ፍሬ ሲለቅሙ አላየሁም። እሑድ ወይ ሰኞ ጠጋ ብለው «ያቺ ልጅ እንግዲህ ማደሪያ ታገኝ ይሆን?» ይሉኛል። እኔም እንደ አዋቂ ትከሻዬን ነቅንቄ «ሐሙስ ነው የሚታወቀው» እላቸዋለሁ።

ሙና በየሳምንቱ ወደ አንድ ቦታ ትጠጋ ነበር። ከድልድዩ ወደ ልብስ ማጠቢያው ቤት፣ ከዚያ ክፉዋ ሴትዮ ቤት፣ ከዚያ ባቡር ላይ፣ ከዚያ የሚያዝንላት ሽማግሌ ዘንድ። ካፖርቷ ሳይቀር እየታደሰ ይሄዳል። «ወዴት ነው የምትሄደው?» ስላት እናቴ «እናቷ ጋ» ትለኛለች። «እናቷ የት ናት?» ስላት መጽሔቱን ታጥፍና «እሱን ሐሙስ እናያለን» ትላለች። ሳምንቱ ከዚያ በኋላ እንዴት ይገፋ!

አንድ ምሽት አባቴ ለእማማ «ልጅቷን በወረቀት እያማለለችብኝ ነው» ሲል ሰማሁ።

«አንተስ አማልላት፣ ማን እጅህን ያዘህ?» አሉት።

በማግስቱ አንድ ካርቶን ብስኩት ገዝቶልኝ መጣ። ምስኪን! ብስኩቱን በልቼ ካርቶኑን የመጽሔት ማስቀመጫ ላደርገው ፈለግሁ፤ ግን መጽሔቱ አይቀርልኝም ነበር፣ እናቴ ሁልጊዜ ይዛው ነው የምትመለሰው። አለበለዚያ ሳምንቱን ሙሉ ሥዕሉን ሳይ ከርሜ ሐሙስ እሷን ረስቼ ልጫወት እችል ነበር። ይሄ የገባኝ እኔ ራሴ ልጅ ወልጄ፣ ልጅ ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ ካየሁ በኋላ ነው።

ጥፋቴን ልናገር።

እንግሊዝኛ የሚያስተምረን መምህር ኪዳኑ ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ነበረው። አንድ ረቡዕ ሰሌዳው ላይ ዐረፍተ ነገር ጽፎ ዘንጉን በግራ ጫፍ አሳረፈና ወደ ቀኝ ነዳው። «ከዚህ ወደዚህ! ከዚህ ወደዚህ! አማርኛችሁስ እንዲሁ አይደል?» አለ። ክፍሉ በሙሉ በጣቱ አብሮ ነዳ። እኔ ጣቴን አነሣሁና እዚያው አየር ላይ ቀረሁ። አማርኛ ስጽፍ ከግራ እንደምጀምር አውቃለሁ፤ ግን የሐሙሱን መጽሔት ከአማርኛ ጋር አያይዤው አላውቅም። ለእኔ እሱ እንደ ቁርኣን ከፍ ያለ ነገር ነው፣ ከፍ ያለ ነገር ደግሞ የሚነበበው ከቀኝ ነው።

በማግስቱ እናቴ ጣቷን በቀኙ ሣጥን ላይ ስታሳርፍ እጇን ያዝኩ።

«በዚህ አይደለም» አልኳት። «በዚያ ነው የሚጀመረው። አንቺ ማንበብ አትችይም! ስታታልይኝ ነበር!»

እማማ ሳያስቡት ሳቁ። ከዚያ እናቴን አዩና ሳቃቸውን ዋጡት። የእናቴ ጣት ወረቀቱ ላይ ቀረ። ከአንገቷ ጀምሮ ወደ ላይ ቀላች። ግቢው ውስጥ ዶሮ ሲጭር ይሰማል። በጣም ቀስ ብላ ተናገረች።

«እውነትሽን ነው፤ እንግሊዝኛ አላነብም። ቁርኣን ቤት ነው የተማርኩት፣ ከዚያ አላለፍኩም። ግን ልጅቷ ወዴት እንደምትሄድ አውቃለሁ።»

ያን ቀን ሰዓቷ ሳይሞላ ሄደች።

ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላህ ይወቀው። ዳግመኛ የምትመጣ አልመሰለኝም። ማታ ማታ ሙና ባቡር ጣቢያ ላይ ቆማ ስትቀር ይታየኛል። ሐሙስ ከቀትር ጀምሬ ቆርቆሮው በር ሥር ተቀመጥኩ። ዐስር ተሰገደ። ምንም የለም። ከዚያ ሁለቴ ተንኳኳ። በሩን ከፍቼ ወገቧ ላይ ተጠመጠምኩና «እማ!» አልኳት። ነፍስ ካወቅሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቃል ለእሷ አልኩት። ፌስታሉ ከእጇ ወደቀ። እሷም አላነሣችውም፣ እኔም አላነሣሁትም። ከበስተኋላችን እማማ «በሉ ግቡ፣ ብርድ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ልክ አልነበረም።

ያኔ ዓረፋ አራት ሳምንት ቀርቶት ነበር። እናቴ ዓረፋ እስኪደርስ የነበረችውን ዓይነት ሴት ከዚያ በኋላ አላየሁም፤ እየሳቀች ትገባለች፣ እየሳቀች ትወጣለች። አሸንፋ ነበር እኮ! ሁሉም ሰው አውቆታል። አባቴም አውቆታል። የዓረፋ ዋዜማ ከእማማ ጋር በረንዳው ላይ ሆነው ሲነጋገሩ መስኮቱ ሥር ነበርኩ።

«ኮምቦልቻ ከወረደች እንግዲህ የሐሙሱ ነገር አበቃ» አለ አባቴ። የተሰበረ ድምፅ ነበር። እሱ በጊዜ ቤቱ የሚገባባት፣ እኔ በር ላይ የምጮህባት፣ ቤቱ ውስጥ ሳቅ የሚሰማባት ቀን ልትጠፋበት ነው፤ ለዚያ ማዘኑ እንደሆነ ዛሬ ይገባኛል።

እኔ የሰማሁት ግን የሐሙሱ መጽሔት አበቃ የሚል ነበር።

ወይ አለማወቅ! ቁጭ ብዬ አሰብኩ። መጽሔቱ የሚመጣው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ነው። የሚመጣው እኔ ደሴ ሆኜ ስለምጠብቀው ነው። እኔ ኮምቦልቻ ከሄድኩ ወዴት ይመጣል? ማንስ ያመጣዋል? እማም የምትመጣው ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ከሌለ እሷም የለችም። ሙና ደግሞ ከባቡር ወርዳ የሰፈሯን መንገድ ይዛለች፤ ቤቷ ለመድረስ ሦስት ሐሙስ ቢቀራት ነው። እንግዲህ ሁላችንን የማድነው እኔ ነኝ ማለት ነው።

በዓረፋ ማግስት ሸኽ ዐቂል ዘንድ ሄድን። ነጭ ሻሽ አድርገውልኛል። ክፍሉ በምንጣፍ የተሞላ ነው፤ በአንዱ ግድግዳ አባቴና እማማ፣ በሌላው እናቴ ብቻዋን። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ በራሷ እጅ የሰፋችው፣ ያኔም ኮምቦልቻ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሸኽ ዐቂል ተምር ሰጡኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ልጄ፣ ማንም አይቆጣሽም። ማንም አይጣላሽም። ሁለቱም የአንቺ ናቸው። ከማን ጋር ብትኖሪ ነው ልብሽ ደስ የሚለው?»

እናቴን አየኋት። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች። ተምሩን ዋጥኩ።

«ከአባቴ ጋር» አልኩ።

ከዚያ ዓይኔን ጠቀስኳት። አዎ፣ ጠቀስኳት! አብሽሪ፣ ምስጢራችንን አዳንኩት፣ ሐሙስ እንገናኛለን ማለቴ ነበር። እሷ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «አልሐምዱሊላህ» አለች ዝቅ አድርጋ። ሻሿን አስተካክላ ተነሣች። በአጠገቤ ስታልፍ ጭንቅላቴን ዳበስ አድርጋኝ «አብሽሪ የኔ ልጅ» አለችኝ። አባቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር። ሰው ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ግራ ገባኝ፤ እኔ ደስ ብሎኛላ።

ሐሙስ ከዐስር በኋላ በሩ ሁለቴ ተንኳኳ። እሷ ናት፣ ከነፌስታሏ። ዓይኗ አብጧል። «ሐርጎ ላይ ነፋሱ» አለች። እኔ ትንሿ ጅል ውስጤ ይፈነድቃል፤ ይኸው! ትክክል ነበርኩ! ሐሙስ አልጠፋችም!

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሙና ቤቷ ገባች። እናቴ መጨረሻ ባደረገችው ገጽ ላይ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ እናቷ ፀጉሯን ታበጥርላታለች። እናቴ ያን ሥዕል ስታነብ ድምፅዋ ተዘጋ። «ከዚያስ?» አልኳት። «ከዚያማ ገባች። ከዚህ በላይ ምን አለ?» አለችኝ።

ሙና ካለቀች በኋላ ሌሎች ታሪኮች ነበሩ። ወረቀቱ ሲያልቅም እናቴ ባዶ እጇን መምጣቷን አላቆመችም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ አንድ ሐሙስ አልቀረችም፣ አንድ! እኔም አድጌ እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆንኩ፣ እዚያው ደሴ አገባሁ። አባቴና እማማ ሁለቱም ወደ አኼራ ሄደዋል። ኮምቦልቻ እየወረድኩ እናቴን እጠይቃለሁ፤ ምሳ እንበላለን፣ ከመምሸቱ በፊት ሚኒባስ ይዤ እመለሳለሁ። መንገዱ አጭር ስለሆነ እዚያ አድሬ አላውቅም። ሸኽ ዐቂል ዘንድ ስለዋልንበት ቀን ግን አንዲት ቃል አንሥተን አናውቅም ነበር።

ዘንድሮ ጣሪያዋ አፍስሶ ዕቃ ስናወጣ ሣጥኑን አገኘሁት። ሰባ ስድስት ቅጂ ቀርቷል። ሦስት ቅዳሜ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ከግራ ወደ ቀኝ አነበብኩት። ስለ ነገሩም ፈልጌ አነበብኩ። እንግሊዝ አገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንዲህ ያሉ ለሴት ልጆች ብቻ የሚታተሙ ሳምንታዊ መጽሔቶች እንደ አሸን ፈልተው ነበር። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ልጆች በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ወረቀት ይጠብቃሉ። ታሪኩ ልብ ከተሰቀለበት ቦታ ይቆምና «በሚቀጥለው ሳምንት» ይላል። ልጆቹ የወደዱትን ታሪክ ጽፈው ይልካሉ፤ ድምፅ ያጣው ቶሎ ይቋጫል። ያን ሁሉ ፈረስና በረዶ የሣሉት ሰዎች ስማቸው እንኳ አይጻፍም ነበር። መጽሔቱ ራሱ ሊሞት ሲል የፊት ገጹ ላይ ታላቅ የምሥራች ብለው ከሌላው ጋር ይቀላቅሉታል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ በአንድ ጠፋ። ስሙን የማላውቀው ሰው እዚያ ማዶ ጠረጴዛ ላይ የሣላት ልጅ ባሕር ተሻግራ፣ አሰብን አልፋ፣ እኔን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣችኝ። ሱብሓነላህ! ሌላ ምን ይባላል?

የሙናን ታሪክ ግን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። በእንግሊዝኛው ታሪኩ የሚጀምረው ከመስኮቱ አጠገብ ነው፤ እናትየዋ ፀጉሯን ስታበጥር። ከዚያ ትነጠላለች፣ በየሳምንቱ ትርቃለች፣ መጨረሻዋ ድልድዩ ላይ ብቻዋን በረዶ ውስጥ ነው። ቀጣዩ ቅጂ የለም። የመጽሔቱ ባለቤት የነበረችው እንግሊዛዊት ልጅ ከኤደን ስትወጣ እዚያ ላይ ቆሟል። እናቴ ዘንድ ግን ሁሉ ነገር ከኋላ ነው የሚከፈተው፤ መጽሔቱም ከኋላ፣ እስሩም ከመጨረሻው። አንዲት ቃል ሳታውቅ፣ ከሥዕል ብቻ፣ የጠፋችውን ልጅ በየሐሙሱ አንድ አንድ እርምጃ ወደ እናቷ መልሳ አስገባቻት። እኔ አሥራ አምስት ዓመት ሳስተምር እንደዚያ የሚያነብ ሰው አላየሁም።

ይህን ስነግራት የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። እግሯን አቆመች።

«ለካ ተገላቢጦሽ ነበር» አለች። ከዚያ ዝቅ ብላ «ለነገሩ ያኔም ነግረሽኛል» አለች። «አልፈርድብሽም። ማንበብ የማትችል እናት ማን ይመርጣል?»

«ለዚያ መስሎሽ ነው?» አልኳት።

«ሌላ ምን ሊመስለኝ? ያፈርሽብኝ ነው የመሰለኝ።»

ሃያ ዘጠኝ ዓመት! ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያን ተሸክማ ሐርጎን ስትወጣና ስትወርድ! ወለሉ ላይ እንደተቀመጥኩ ሁሉን ነገርኳት፤ መስኮቱ ሥር የሰማሁትን፣ ሐሙስ እንዳይጠፋ ብዬ የመረጥኩትን፣ ዓይኔን የጠቀስኳትን። አፏን ከፍታ ሰማችኝ።

«ወይ ጉድ!» አለች። «ሣጥኑ እኮ አልጋዬ ሥር ነበር! በሙሉ! መምጣት ብቻ ነበር የቀረሽ!»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለወረቀቱ ብለሽ እንድትመጪ አልፈለግሁማ! ለእኔ ብለሽ እንድትመጪ ነው የፈለግሁት።»

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው የቀረሁት» አልኳት።

ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ተበላሸና ሁለታችንም የምንይዘው አጣን። መርፌና ክር ከጭኗ ላይ እየረገፈ ጉልበቷን አቅፌ አለቀስኩ፤ እሷም ጭንቅላቴ ላይ አለቀሰች። ሲበቃን ፊቷን በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገችና መስኮቱን አየች። «በይ፣ ሚኒባስ ሳያመልጥሽ» አለችኝ።

ስልኬን አወጣሁና ለባለቤቴ ለተውፊቅ ደወልኩ። «ዛሬ አልመጣም» አልኩት። ደንግጦ «ምነው፣ ምን ሆናችሁ?» አለኝ። «ምንም፤ አማን ነን። እናቴ ጋ አድራለሁ።»

እናቴ ተነሥታ ቁም ሣጥኗን ከፈተች፣ ከታች፣ ከሁሉም ሥር እጇን ሰዳ አንድ የታጠፈ ነጭ አንሶላ አወጣች። ዙሪያውን ትንንሽ ቀይ አበባ ተጠልፎበታል። እጥፋቱ ቢጫ መስመር ሠርቷል፤ ማንም ተኝቶበት አያውቅም። አልጋው ላይ ዘረጋችው፤ ፍራሹን ግማሹን አልሸፈነም። ቆማ አየችውና በመዳፏ አስተካከለችው።

«ለዚያ ዓረፋ የሰፋሁልሽ ነው» አለች። «እንግዲህ እግርሽ ይወጣል።»